ስለ ፈረስ ጋጣ ጉዝጓዝ፤ ተረትና እውነታ

በአገው ግምጃ ቤትና በዙሪያዋ፣ ከአንከሻ ጓጉሳ ሜዳ እስከ እንጅባራ ደጋ ድረስ፣ ፈረስ የባለቤቱ ክብር እንጂ ተራ የጭነት ከብት አለመሆኑን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያከብረው በዓል ይመሰክራል። ይሁን እንጂ በዕለተ በዓሉ በግላስና በጌጠኛ ኮርቻ ተሸልሞ የሚወጣው ፈረስ ሌሊቱን በምን ላይ እንዳደረ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ለዚህም ቸልታ ምክንያት የሆነው፣ ፈረስ ቆሞ ስለሚተኛ መኝታ አያሻውም የሚለው፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ፣ ግማሹ ብቻ እውነት የሆነ እምነት ነው።

ፈረስ ቆሞ ማንቀላፋቱስ እሙን ነው፤ የእግሩ ጅማቶችና የኋላ ጉልበቱ ሎሚ እርስ በርሳቸው እየተቆላለፉ ሰውነቱን ያለ ድካም እንዲሸከሙ ሆነው ተፈጥረዋልና። ነገር ግን በሌሊትና በቀን ተከፋፍሎ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያህል ከሚደርሰው እንቅልፉ ውስጥ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት የሚሆነው ጥልቁ፣ ሕልም የሚታይበትና ጡንቻ ሁሉ የሚላላበት ክፍል ስለሆነ፣ እርሱን በጎኑ ወይም በደረቱ ካልተኛ በቀር አያገኘውም። ወለሉ ረጥቦና ጨቅይቶ ሲያገኘው ፈረሱ መተኛትን ይጸየፋል፤ ይህም ለቀናት ሲደጋገም ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ድንገት እየከዳው ይንበረከካል፤ ከዚህም የተነሣ በፊት እግሮቹ ላይ ቁስል ሲታይ፣ ባለቤቱ ድንጋይ መታው ብሎ መንገዱን ይረግማል እንጂ ጋጣውን አይመረምርም። ማታ የተኛ ፈረስ ግን ጠዋት በጭራውና በጎኑ ላይ ገለባ ይዞ ስለሚነሣ፣ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስሕተት፣ ለመብል የማይሆን ሻጋታ ገለባ ለመኝታ ይሆናል ማለት ነው። ገለባ የከብት ቀለብ በሆነበት አገር ቁጠባው የሚነቀፍ አይደለም፤ ቢሆንም ፈረስ አፍንጫውን መሬት አስጠግቶ የሚያድር እንስሳ ስለሆነ፣ የሻጋታው ብናኝ በሆዱ ባይገባ በሳንባው ይገባል፤ ቆይቶም የማይለቅ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያስከትላል። ብርድ ይገድለዋል በማለት ጋጣውን በጭቃ ደፍኖ ነፋስ መከልከልም ከዚሁ የሚቈጠር ነው፤ እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትገኝም፣ ጤነኛና የጠገበ ፈረስ ደረቅ ብርድን የሚችለውን ያህል የታፈነ አየርን አይችልም።

ጨርቅ ማንጠፍ ከገለባ ይሻላል የሚሉም አሉ። የጨርቁን ጠባይ ለመረዳት ከሩቅ ምሳሌ እንውሰድ፤ ከባሕር ማዶ አይጥን እንደ ድመት በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ (አንባቢ አይደነቅ፤ ፍቅር መጠን የለውም)፤ እነርሱም ከአይጡ ቤት ወለል ላይ ፍሊስ የሚባለውን ለስላሳ ጨርቅ ሲያነጥፉ፣ ብዙዎቹ ጨርቁ ሽንቱን የሚመጥ ይመስላቸዋል። ፍሊስ ግን ከፔትሮል ተዋጽኦ የሚሠራ የፖሊስተር ክር ስለሆነ ውሃን ወደ ታች ያሳልፋል እንጂ በውስጡ አያስቀርም፤ ከሥሩ የሚመጥ ነገር ካልተደረገለት፣ ላዩ ደርቆ ሳለ ሽንቱ ከታች ተኝቶ ይከረፋል። ለውርንጭላ የማዳበሪያ ጆንያ የሚያነጥፍም ሰው በዚሁ ይሳሳታል። የራሱን ክብደት ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ የሚይዘው ደረቅ ገለባ፣ ወይም ከእንጨት መሰንጠቂያ የሚገኘው ሰጋቱራ፣ በዋጋው ትሑት ሆኖ በሥራው ከጨርቁ ይበልጣል።

ዋናው ጉዳይ ግን የጽዳቱ ነገር ነው። ብዙ ሰው በአሮጌው ጉዝጓዝ ላይ አዲስ ከበተነ ጋጣውን ያጸዳ ይመስለዋል፤ ዓይንም በዚህ ይታለላል። አንድ ፈረስ በቀን 5 ሊትር ገደማ ስለሚሸና፣ ሽንቱ ከፋንድያው ጋር ሲገናኝ፣ በፋንድያው ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ዩሪያ የተባለውን ነገር አፍርሰው ዓይን የሚያስለቅሰውን አሞንያ ያወጣሉ። የሰው አፍንጫ ከቆየበት ሽታ ጋር ስለሚስማማ፣ ሽታ የለም የሚለው የባለቤቱ ምስክርነት ብዙ አያስተማምንም፤ ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ጎንበስ ብሎ የፈረሱ አፍንጫ በሚያድርበት ቁመት ያሸተተ ሰው ነው እውነቱን የሚያገኘው። እርጥቡ ወለል ሰኮናውንም አይምርም፤ ከሰኮናው ሥር ያለውን ለስላሳ ክፍል አጥቁሮና አግምቶ ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ የረጠበውን በየዕለቱ እስከ ወለሉ ጠርጎ ማውጣት፣ ወለሉንም ሽንት እንዲወርድበት ዘንበል አድርጎ መደልደል፣ በተለይም በክረምት ወራት ፈጽሞ የማይታለፍ ግዴታ ነው።

በዚህ ላይ አመድ መነስነስ ሽታን ያጠፋል የሚለው እምነት ይጨመራል፤ ይህ ግን ከሁሉ ይልቅ በተቃራኒው የተገለበጠ ነው። አመድ በጠባዩ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ፣ በእርጥቡ ጉዝጓዝ ውስጥ ተይዞ የነበረውን አሞንያ ፈትቶ ወደ አየር ይለቀዋል፤ ይህም ለሳንባ ጉዳት፣ ለማዳበሪያም ኪሳራ ነው፤ የሚተነው ሰብል የሚሻው ናይትሮጅን ነውና። ይህ አካባቢ የሚገኝበት የአዊ መሬት በአሲዳማነቱ የታወቀና ኖራ የሚፈልግ ስለሆነ፣ አመድ ተገቢ ስፍራው ከማሳው ላይ ነው፤ ፋንድያውና አሮጌው ጉዝጓዝ ለብቻው ተከምሮ ከበሰለ በኋላ፣ አመዱ ቀድሞ ከአፈሩ ጋር በተቀላቀለበት ማሳ ላይ በሌላ ጊዜ ይበተናል።