ኮከብ 127 መሰላል

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀድሞ የጎጃም ገበሬ የመዲናዋን የጤፍ ዋጋ የሚሰማው ከነጋዴ ወይም ከሾፌር አፍ ነበር፤ ነጋዴ ደግሞ ለራሱ የሚበጀውን ዋጋ ቢናገር አይገርምም። ዛሬ ገበሬው አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ደውሎ፣ ዋጋውን ሰምቶ አህያውን ይጭናል።

ልብ በሉ፤ ለዚህ ስማርት ስልክ አያስፈልግም። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው አይፎን በአሜሪካ ገበያ የወጣው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በገጠር ዛሬም ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ብዙ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር የተባለውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሲጀምር በመተግበሪያ ብቻ አላስቀረውም፤ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ የሚደውል ሰው ያለ ኢንተርኔት ገንዘብ ይልካል፣ ይቀበላል።

ስማርት ስልክ ግን ሌላ ነገር አመጣ፤ ብዙ ዕቃ ዋጠ። ሬዲዮው፣ የእጅ ባትሪው፣ የሂሳብ ማሽኑ፣ የቀን መቁጠሪያው አንድ ኪስ ገቡ። ለዓመት በዓል ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆሞ መነሳትም እየቀረ ነው (ሥዕሉ ግን ያምር ነበር!)።

ዋጋውስ? ባለ ቁልፉ አንዴ ከተሞላ ቀናት ይቆያል፤ ስማርቱ በየማታው መብራት ይፈልጋል። መብራት ያልደረሰበት ቀበሌ ያለ ሰው ወይ የፀሐይ ኃይል መሙያ ይገዛል፣ ወይ ገበያ ሲወጣ ከተማ ያስሞላል።