ጨረታ የእናቶችም ጉዳይ ነው

«የመንግሥት ግዥ» ሲባል ብዙ እናቶች ነገሩ የቢሮና የነጋዴ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በአንበሳሜም ሆነ በወረታ ልጅ የሚቀመጥበት ዴስክ፣ መምህሩ የሚጽፍበት ጠመኔ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ የምትለብሰው የደንብ ልብስ የሚገዛው በመንግሥት ገንዘብ ነው። ዴስኩ በዓመቱ ቢሰበር፣ ልብሱ በመጀመሪያው እጥበት ቢቀደድ፣ ጉዳቱ በተጠቃሚው ላይ ሲደርስ ወጪው ከግብር ከፋዩ ኪስ ይወጣል።

አሠራሩ ለቤት እመቤት እንግዳ አይደለም። በወረታ ገበያ የፎገራን ሩዝ የምትገዛ እናት ሁለት ሦስት ነጋዴ ትጠይቃለች፤ ሩዙን ዘግና ታያለች፤ ስፍሩንም ትመለከታለች። ጨረታም ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ ገንዘቡ የሕዝብ በመሆኑ ገዢው መሥሪያ ቤት አሸናፊውን ለምን እንደመረጠ በጽሑፍ ማሳየት ያለበት መሆኑ ነው።

ባሕር ዳር የሚታተመው በኩር ጋዜጣ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን የጨረታ ማስታወቂያዎች ያወጣል። ዕቃው በሎት ይለያል፦ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የጽዳት ዕቃ፣ የደንብ ልብስ፣ ፈርኒቸር። ተጫራቹ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የጨረታ ማስከበሪያ አዘጋጅቶ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ ያስገባል። ሳጥኑ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል፤ ዋጋውም ይነበባል።

ስለሆነም በልብስ ስፌት የተደራጁ ሴቶች ለደንብ ልብሱ ሎት ብቻ መወዳደር ይችላሉ። ብዙዎችን ከበር የሚመልሳቸው የማስከበሪያው ገንዘብ ነው። ይህንኑ በማሰብ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ መመሪያ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት በማስከበሪያው ፈንታ ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ ፈቅዶ ነበር። ክልሎች የየራሳቸው የግዥ ሕግ ስላላቸው፣ የአንበሳሜ ማኅበር በአማራ ክልል ሕግ የሚያገኘውን ድጋፍ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

አድልዎ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሳጥኑ ሳይከፈት ነው። የዕቃው መግለጫ የአንድን ነጋዴ ዕቃ ብቻ እንዲመስል ተደርጎ ሲጻፍ፣ ወይም አንዱ ግዥ ከግልጽ ጨረታ እንዲያመልጥ ሲቆራረጥ፣ ውድድሩ የይስሙላ ይሆናል። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ዕቃን በንግድ ምልክት ለይቶ መጥራትን የከለከለው፣ ሌላ መግለጫ ሲታጣም «ወይም ተመሳሳይ» የሚል ቃል እንዲጨመር ያዘዘው ለዚህ ነበር። ቅር የተሰኘ ተጫራችም በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤት እንዲል ፈቅዶ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ግዥም ፖስታው በእጅ የሚያልፍበትን መንገድ ለማሳጠር የታሰበ ነው።

ይሁንና ሕግም ሆነ ኮምፒዩተር የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ብቻውን አይሠራም። የተሸነፈች ማኅበርተኛ «ዕድሌ ነው» ብላ ከመመለስ ይልቅ ምክንያቱን በጽሑፍ ትጠይቅ፤ የአቤቱታው ጊዜ አጭር ነውና ቀኑን ትቁጠር። የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት የሆኑ እናቶችም አዲሱ ዴስክ ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ ከጸደቀው ናሙና ጋር መመሳሰሉን ይጠይቁ። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት የተገኘ ጉድለት በአቅራቢው ወጪ ይስተካከላል፤ ከተከፈለ በኋላ የተገኘው ግን ብዙ ጊዜ ለልጆቻችን ይተርፋል።