የሪፖርት ጥቅልን ከፕሮግራም በኢሜይል መላክ

የሪፖርት ጥቅልን ከፕሮግራም በኢሜይል መላክ ማለት አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያለ ሰው እጅ መረጃን ከመረጃ ቋት አውጥቶ፣ ሪፖርት አዘጋጅቶ፣ ፋይሎቹን በአንድ ጥቅል አጭቆ ከኢሜይል ጋር በአባሪነት የሚልክበት አሠራር ነው። ሥራውን የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ በተወሰነ ሰዓት ራሱን የሚያስነሳ አጭር ንዑስ ፕሮግራም ነው። አሠራሩ በባንክ፣ በንግድ ድርጅትና በዩኒቨርሲቲ ሁሉ ይገኛል። ጥንካሬውና ድክመቱ ጎልቶ የሚታየው ግን ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ቁጥሩ በሰዓቱ መድረሱ የሰው ሕይወት በሚነካበት ሥራ ላይ ነው። ከወረዳ ወደ ዞን የሚላክ የጤና ሪፖርት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ጉቶ ጊዳ በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ወለጋ ዞን የሚገኝ፣ የዞኑን ዋና ከተማ ነቀምቴን የሚያዋስን ወረዳ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የምሥራቅ ወለጋ ቆላዎች ወባ የሚበዛባቸው ናቸው። በኢትዮጵያ የወረርሽኝ ቅኝት ሥርዓት ወባ በየሳምንቱ ሪፖርት ይደረጋል፤ ሳምንቱም ከሰኞ እስከ እሑድ ይቆጠራል። አንድም በሽተኛ ያላገኘ ጤና ጣቢያ ዝም አይልም፤ «ዜሮ» ብሎ ይልካል። ይህ ደንብ ለፕሮግራም ጸሐፊው ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም «በሽታ የለም» እና «ሪፖርት አልደረሰም» ለኮምፒውተር ሁለቱም ባዶ ቦታ ሊመስሉት ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ ከፍተኛው ድርሻ የኦሮሚያ ክልል ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት የአንድ ሳምንት ሪፖርት ቢቀር መድኃኒትና አጎበር የት ይላክ የሚለውን ውሳኔ ያዛባል።

አጀማመር

መረጃን አጭቆ በኢሜይል መላክ በኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ይቀድማል። ሀገሪቱ ከኢንተርኔት ጋር ሙሉ በሙሉ የተገናኘችው በ1997 እ.ኤ.አ. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው የመረጃ አገልግሎት ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሳ ባለሙያዎች አንዱ ሊሻን አዳም ናቸው።

በፊዶኔት ተጠቃሚው መልእክቱን ስልክ ሳይደውል ይጽፋል፤ በኋላ ሞደሙ በስልክ መስመር ደውሎ የተጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስረክባል፤ የመጣለትንም ይቀበላል። የውጭ ሀገር ስልክ ዋጋ የሚቆጠረው በደቂቃ ስለነበር መልእክቶቹ ከመላካቸው በፊት ተጨምቀው ይታሸጉ ነበር። አስቀምጦ ማስተላለፍ የሚባለው ይህ አሠራር ዛሬም የኢሜይል መሠረት ነው። ድረ ገጽ ለመክፈት ሁለቱም ወገኖች በዚያው ቅጽበት መስመር ላይ መሆን አለባቸው፤ ለኢሜይል ግን አያስፈልግም።

ጥቅሉ

ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ በነጠላ ሰረዝ የተከፋፈለ የጽሑፍ ፋይል ወይም የኤክሴል ሠንጠረዥ ይሆናል። ከዚያም በዚፕ ይጨመቃል። የዚፕ ቅርጽ በፊል ካትዝ በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን ቁጥርና ተደጋጋሚ ቃል የሞላበትን ሠንጠረዥ እጅግ ያሳንሳል፤ አስቀድሞ የተጨመቀ ፎቶግራፍን ግን እምብዛም አይቀንሰውም።

በወለጋ የሚዘጋጅ ሪፖርት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ሊጻፍ ስለሚችል የፊደል ጉዳይ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የቁቤ ፊደል ደግሞ 1 ባይት። «ነቀምቴ» በአማርኛ 4 ፊደል ሆኖ 12 ባይት ሲይዝ፣ በቁቤ 8 ፊደል ሆኖ 8 ባይት ብቻ ይይዛል። ከተጨመቁ በኋላ ልዩነቱ ስለሚጠብ በዚህ ምክንያት ቋንቋ መቀየር አያስፈልግም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። የጽሑፍ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን የሚጠቁሙት 3 ባይቶች ካልተጻፉ ኤክሴል አማርኛውን ትርጉም የለሽ ምልክት አድርጎ ሊከፍተው ይችላል። በቁቤ ደግሞ ሁድሃ የሚባለው ጭረት በመረጃ ቋት ቋንቋ የጥቅስ ምልክት ስለሆነ፣ በጥንቃቄ ያልተጻፈ ፕሮግራም ሁድሃ ያለበት የቀበሌ ወይም የሰው ስም ሲያገኝ ስህተት አውጥቶ ይቆማል። መፍትሔው ጭረቱን ከስሙ ላይ መሰረዝ አይደለም፤ ስሙን ከትዕዛዙ ለይቶ በመለኪያነት ማስተላለፍ ነው።

ከጥቅል ወደ ኢሜይል

ኢሜይል ሲፈጠር የታሰበው ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ ነበር። አባሪ ፋይልና የሌሎች ቋንቋዎች ፊደላት የተጨመሩት ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ባዘጋጁትና በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው ማይም በሚባለው ደረጃ ነው። በማይም መሠረት ዚፑ ቤዝ 64 በሚባል ዘዴ ወደ ተራ ፊደላት ይለወጣል፤ 3 ባይት የነበረው 4 ፊደል ይሆናል። የመስመር ማብቂያዎቹ ሲታከሉ መጠኑ ከሦስት አንድ እጅ በላይ ያድጋል። ስለዚህ በጂሜይል የ25 ሜጋባይት ጣሪያ ውስጥ በተግባር የሚገባው 18 ሜጋባይት ያህል ፋይል ነው። ለሳምንታዊ ሠንጠረዥ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ለዓመታዊ መዝገብ ግን ላይበቃ ይችላል።

በፓይተን ቋንቋ ለእነዚህ ሥራዎች የሚያስፈልጉት ክፍሎች ከቋንቋው ጋር አብረው ይመጣሉ፦ ለመጨመቅ «ዚፕፋይል»፣ መልእክቱን ለማዋቀር «ኢሜይል»፣ ለመላክ «ኤስኤምቲፒሊብ»። ጠቅላላው ፕሮግራም ከ50 መስመር ባነሰ ሊጻፍ ይችላል። የመላኪያው የይለፍ ቃል ግን በኮዱ ውስጥ መጻፍ የለበትም፤ ኮዱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በፍላሽ ሲዞር ቃሉም አብሮ ይዞራልና።

መላክና መድረስ

ኢሜይል በሰርቨሮች መካከል የሚተላለፈው ኤስኤምቲፒ በሚባል ስምምነት ነው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ደረጃውን ያዘጋጀው ጆን ፖስተል ነው። ላኪው ራሱን ያስተዋውቃል፣ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይሰጣል፣ ከዚያም ጽሑፉን ያስረክባል። ሰርቨሩ «250» ብሎ ከመለሰ ተቀብሏል። በ4 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር «አሁን አልቻልኩም፣ ቆይተህ ሞክር» ማለት ሲሆን፣ በ5 የሚጀምረው ደግሞ «እንዲሁ እንደሆነ አልቀበልም» ማለት ነው። ሁለቱን ሳይለዩ በጅምላ «አልተሳካም» ብሎ መዝጋት በተማሪዎች ፕሮግራም ውስጥ በብዛት የሚታይ ጉድለት ነው።

«250» የሚያረጋግጠው የመጀመሪያው ሰርቨር መልእክቱን መረከቡን ብቻ ነው። ተቀባዩ አነበበው፣ ወይም የመልእክት ሳጥኑ ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። ወደ ፊት ማስተላለፍ ካልቻለ ሰርቨሩ ወረፋ ላይ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው ደረጃ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል።

ለተራ የመስመር መቋረጥ 5 ቀን ይበቃል። ወለጋ ግን ከዚህ የረዘመ አጋጥሞታል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2020 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክም ኢንተርኔትም ተዘግቶ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ተቋርጦ የስልክ ጥሪና አጭር መልእክት በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ይሠራ ነበር። ሦስት ወር ያህል ለሚቆይ መቋረጥ የሰርቨር ወረፋ አያስተማምንም፤ ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተርማ መጀመሪያውኑ ሰርቨሩን አያገኘውም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚጻፍ ፕሮግራም የራሱ የመላኪያ ሳጥን ሊኖረው ይገባል፤ ይህም እያንዳንዱ ሳምንት በየፋይሉ የሚቀመጥበት፣ ከተቀባዩ የደረሰኝ መልስ እስኪመጣ የማይሰረዝበት አቃፊ ነው። ተመሳሳዩ ፋይል በፍላሽ ተጭኖ በሰው እጅ ዞን ሊደርስም ይችላል። ጥቅሉ በምን መንገድ እንደመጣ ለተቀባዩ ፕሮግራም ልዩነት ሊኖረው አይገባም።

ደጋግሞ መላክ ደግሞ ሌላ ችግር ይወልዳል። ጽሑፉ ከተረከበ በኋላ «250» ከመመለሱ በፊት መስመሩ ቢቋረጥ ላኪው እንዳልደረሰ ቆጥሮ እንደገና ይልካል፤ ተቀባዩ ጋ ግን ሁለት ደብዳቤ አለ። ተቀባዩ የመጣውን ሁሉ የሚደምር ከሆነ 40 የወባ በሽተኛ 80 ይሆናል፤ ሳይከሰት የተከሰተ ወረርሽኝ ማለት ነው። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱ ጥቅል መለያ ይሰጠዋል፦ የጤና ጣቢያው ኮድ፣ ዓመቱ፣ የሳምንቱ ቁጥርና የእርማት ቁጥር። ያው መለያ ሁለት ጊዜ ከመጣ ሁለተኛው ይተዋል፤ የእርማት ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ የቀድሞውን ይተካል።

በተቀባዩ በኩል የሚጠበቁት ጤና ጣቢያዎች ዝርዝር አስቀድሞ መኖር አለበት። ያለ ዝርዝሩ ያልመጣውን ማወቅ አይቻልም። ሰኞ ዕለት ዞኑ የሚፈልገው ከመጡት ይልቅ የቀሩት ስም ነው፤ ለቀሩት የሚደወለው በስልክ ነውና።

ቀንና ሰዓት

ፕሮግራሙን በሰዓቱ የሚያስነሳው በሊኑክስ ክሮን፣ በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር የተባለው መሣሪያ ነው። ሁለቱም የሚያውቁት የፈረንጁን ወራት ብቻ ሲሆን የኢትዮጵያ የጤና ወርሃዊ ሪፖርት ግን ከወሩ 21 እስከ ተከታዩ ወር 20 ድረስ ይቆጠራል። ኅዳር 20 አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 29 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከነበራት በሚቀጥለው ዓመት ወደ 30 ይሸጋገራል። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ጊዜም ጳጉሜንን ስለሚያካትት 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል፤ ይህን ከሌላ ወር ጋር በቀጥታ ማወዳደር የውሸት ጭማሪ ያሳያል። የሚሻለው ፕሮግራሙን በየቀኑ አስነስቶ «ዛሬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 21 ነው?» ብሎ ራሱ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ ይበልጥ ስውር ነው። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ሰርቨር ገና እሑድ 23፡00 ላይ ነው። «የተጠናቀቀውን ሳምንት ላክ» የተባለ ፕሮግራም ያን ጊዜ የሚያገኘው ከዚያ በፊት የነበረውን ሳምንት ነው። ስህተት የሚል መልእክት አይወጣም፤ ሪፖርቱም ይሄዳል፤ ቁጥሩ ግን የሰባት ቀን ዕድሜ አለው።

ምስጢር

ድምር ቁጥር መላክ አንድ ነገር ነው፤ የታማሚዎችን ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ የያዘውን ላይን ሊስት መላክ ሌላ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል። ተራ ኢሜይል ደግሞ ሰርቨሮቹ ላይ ሳይመሰጠር ሊቀመጥ ይችላል። የድሮው የዚፕ የይለፍ ቃል በ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደሚሰበር ታውቋል፤ ኤኢኤስ የሚባለው አዲሱ ምስጠራ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን የፓይተኑ «ዚፕፋይል» አይሠራውም፤ ተጨማሪ ክፍል መጫን ያስፈልጋል። ኤኢኤስ ቢሆንም በዚፑ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ስም አይሸፍንም፤ የኢሜይሉ ርዕስም እንደተገለጠ ይሄዳል። በመሆኑም የታማሚ ስም በፋይል ስም ወይም በርዕስ ላይ አይጻፍም፤ የመክፈቻው ቃልም በዚያው ኢሜይል ሳይሆን በስልክ ይነገራል።