ተጨማሪ መረጃ፦ የጀልባ ብረትና የብረት ሽቦ

ያት የሚባለው የባሕር መዝናኛ ጀልባ መደገፊያዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ከማይዝግ ብረት ነው። የማይዝግ ብረት ማለት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለበት ብረት ነው፤ ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ለዓይን የማይታይ ስስ መከላከያ ሽፋን ይፈጥራል። ለማጽዳት ብላችሁ በተራ የብረት ሽቦ ብትፈገፍጉት ግን ጥቃቅን የሽቦ ስብርባሪዎች ተሰክተው ይቀራሉ። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ስብርባሪዎቹ ቶሎ ይዝጋሉ፤ ቡናማ ነጠብጣብም ያወጣሉ። ስለዚህ የሚሻለው ለስላሳ ስፖንጅ ወይም የፕላስቲክ ብሩሽ ነው። ብሩሹ ራሱ ጨው በሌለው ውኃ ታጥቦ፣ ተንጠልጥሎ ይድረቅ፤ በጸጉሩ ከቆመ ይጎብጣል።

እናንተም ሞክሩ፦ ሁለት ቁራጭ ተራ የብረት ሽቦ ወስዳችሁ አንዱን በጨው ውኃ፣ ሌላውን በንጹሕ ውኃ አርጥባችሁ ሳህን ላይ አሳድሩ። በማግስቱ የትኛው ይበልጥ ዝጓል?