ሁለት ድምፅ፣ አንድ ገመድ

ዱመርሶ ላይ የሰርግ ዳስ ተጥሏል እንበል። ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በእንሰትና በቡና መካከል ሞንታርቦው ቆሟል። መዝሙሩ የሚመጣው ከስልክ ነው፤ አንዱ ወጣት ደግሞ ኪቦርዱን ይዞ ደርሷል። የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ግን አንድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ የሁለቱ ገመዶች ጫፍ በጥርስ ይላጥና ተጠማዝዞ በፕላስተር ይታሰራል። ድምፁ ይወጣል፤ ግን ደክሞና ሻክሮ ነው። «ኪቦርዱ ተበላሸ» ይባላል። ኪቦርዱ ምንም አልሆነም።

ድምፅ በገመድ ውስጥ የሚጓዘው ከፍ ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ነው። በአንዲት ቅጽበት ስልኩ 1 ቮልት ሲሰጥ ኪቦርዱ ዜሮ ላይ ሊሆን ይችላል። ሽቦዎቻቸው በቀጥታ ከተጣመሩ አብዛኛው የስልኩ ጉልበት ወደ አምፕሊፋየሩ በመሄድ ፈንታ ወደ ኪቦርዱ መውጫ ይፈስሳል። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ የሠራ ሰው ነገሩን በውሃ ያውቀዋል፤ ሁለት ቱቦዎች ያለ መከልከያ ሲገናኙ ጉልበተኛው ውሃ በደካማው ቱቦ ወደ ኋላ ይገባል። የእያንዳንዱ መሣሪያ የውስጥ ተቃውሞ 100 ኦም ቢሆን፣ 1 ቮልት በ200 ኦም ውስጥ 5 ሚሊአምፔር ይገፋል። መውጫው የተሠራው 10 ሺህ ኦም ላለው መግቢያ ከሆነ፣ ይህ ከለመደው ሸክም 50 እጥፍ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ሬዚስተር ነው። ከእያንዳንዱ መሣሪያ በሚመጣው ሽቦ ላይ፣ ከመገናኛው በፊት፣ ባለ 10 ሺህ ኦም ሬዚስተር ይበየዳል። አሁን በመሣሪያዎቹ መካከል የሚያልፈው 0.05 ሚሊአምፔር ገደማ ብቻ ነው፤ መቶ እጥፍ ቀነሰ። ሬዚስተሩን ከሞተ ሬዲዮ ሰሌዳ ላይ ነቅሎ ማግኘት ይቻላል፤ ቀለበቶቹ ቡናማ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ናቸው፤ ይህም 1፣ 0፣ ከዚያም ሦስት ዜሮ ማለት ነው። የስልኩ ገመድ ግራና ቀኝ ድምፅ ካለው ለሁለቱም የየራሳቸው ሬዚስተር ያስፈልጋቸዋል። የመሬት ሽቦዎቹ ግን ሁሉም በቀጥታ ይገናኛሉ።

ዋጋ አለው። በሁለት ምንጭ የእያንዳንዱ ድምፅ ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል፣ በሦስት ደግሞ ወደ ሲሶ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ሌላም አለ፤ ዝግጅቱ ሳያልቅ ኪቦርዱ ከተነቀለ የመዝሙሩ ድምፅ በድንገት እስከ እጥፍ ከፍ ብሎ ይጮኻል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ማጉያ የሠራው የቤል ላቦራቶሪው መሐንዲስ ካርል ስዋርትዝል ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ማመልከቻ ያስገባበት ማጉያ የተለያዩ ቮልቴጆችን የሚደምር ነበር፤ ያገለገለውም ለጦርነት፣ በመድፍ ማነጣጠሪያ ሒሳብ ላይ ነው። ብልሃቱ ድንቅ ነው፤ ማጉያው የመገናኛ ነጥቡን ሁልጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያቆየው አንዱ ምንጭ ሌላውን ጨርሶ አያየውም። አንዱ ቢነቀል የሌላው ድምፅ ንቅንቅ አይልም። ዛሬ የዚያ ዓይነት ማጉያ ባለ ስምንት እግሯ ቲኤል 072 ቺፕ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀምጧል፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይበቃታል።

ማይክ ግን በዚህ ቤት እንግዳ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ስለሆነ ለብቻው ቀድሞ ካልጎላ ከስልኩ ጋር ሲቀላቀል አይሰማም። በጌዴኦ ሕዝብ ቋንቋ በጌዴኡፋ የሚነገረው ምርቃት በመዝሙሩ ውስጥ የሚሰጥመው በዚሁ ምክንያት ነው።

መቀላቀል ሳይሆን መምረጥ ብቻ ከተፈለገ ባለ ስድስት እግር ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል፤ የመሃሉ ጥንድ ወደ አምፕሊፋየር፣ የዳርና የዳሩ ጥንዶች ወደ ሁለቱ ምንጮች። ሲቀየር «ጧ» የሚለው በካፓሲተሮች ላይ የቀረ ቮልቴጅ ነው፤ ከየመግቢያው ወደ መሬት ባለ 100 ሺህ ኦም ሬዚስተር ቢታሰር ያ ቮልቴጅ ቀስ ብሎ ይፈስሳል። ሁሉንም በብረት ሣጥን ውስጥ አድርጎ ሣጥኑን ከመሬት ሽቦው ጋር ማገናኘት የመብራቱን የ50 ኸርዝ ጉምጉምታ ይቀንሳል። ወደዚህ ሣጥን የስፒከር ገመድም ሆነ የመብራት ሽቦ ፈጽሞ አይገባም።