የውኃ ፓምፕና የዕለት ቁጥሩ

የውኃ መሳቢያ ፓምፕ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ይሁን እንጂ ፓምፑ ተበላሽቶ ሥራ የሚፈታባቸው ቀኖች ከዋጋው ልዩነት የበለጠ ኪሣራ እንደሚያስከትሉ ብዙዎች አያስተውሉም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኬንያ አገር ኪዩሶ በተባለው ደረቅ ወረዳ ይህን ነገር በተግባር አሳይተዋል። በእጅ በሚሠሩት ፓምፖች እጀታ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አኖሩ፤ መሣሪያውም እጀታው ምን ያህል ከፍ ዝቅ እንዳለ እየመዘገበ ቁጥሩን በሞባይል ስልክ መልእክት ይልክ ነበር። ቁጥሩ ከልማዱ ያነሰ ወይም ጨርሶ የቀረ እንደ ሆነ ለጥገና ሠራተኞች ይነገራቸዋል። ቀድሞ አንድ ፓምፕ እስኪጠገን በአማካይ 27 ቀን ያህል ይፈጅ የነበረው ወደ 3 ቀን ገደማ ወረደ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ፓምፕ አይጠግንም፤ ጠጋኙም መለዋወጫውም ተዘጋጅተው መቆየት ነበረባቸው።

የአስመጪውና የባለሱቁ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በኪዩሶ የሚሠራበት አፍሪዴቭ የተባለው ፓምፕ በአገራችን ገጠሮችም ይገኛል። የፒስተኑ ጎማና የእጀታው ኩሽኔታ የሚያልቁት በተሠራው ሥራ መጠን ነው እንጂ በዘመን ቆጠራ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የየፓምፑን የሥራ ቁጥር የሚያውቅ ነጋዴ ዕቃው ሳይጠፋ አስቀድሞ ሊያዝዝ ይችላል። ዛሬ ግን አብዛኛው ትእዛዝ የሚጻፈው በግምት ነው።

በኤሌክትሪክ ለሚሠራው ፓምፕ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ምንም ባይባክን፣ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። ፓምፑ 0.5 ቢበላ ከግማሽ በጥቂት የሚበልጠው ኃይል ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። ነገር ግን 0.5 የነበረው ከወራት በኋላ 0.7 ቢደርስ የፓምፑ ተሽከርካሪ ክፍል ተበልቷል፣ ቧንቧው ያፈስሳል፣ ወይም የጉድጓዱ ውኃ ሸሽቷል። የውኃውን ጥልቀት መለካት የመጨረሻውን ከሌሎቹ ይለያል፤ ይህ ሳይደረግ አዲስ ፓምፕ መግዛት ገንዘብን ጉድጓድ ውስጥ መጣል ነው።

ለዚህ ሁሉ የውኃ ቆጣሪ፣ የመብራት ቆጣሪና አንድ ደብተር ይበቃሉ። ፓምፕ የሚሸጥ ነጋዴ ቆጣሪውን አብሮ ቢሸጥና የመጀመሪያውን ወር ቁጥር ከገዢው ጋር ቢመዘግብ መልካም ነው፤ በኋላ የሚመጣው ቁጥር የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነውና።