ካርኒሽን ይዘሽ ነይ

የካሜራውን ጀርባ የከፈትኩት እኩለ ቀን ላይ፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው። አጎቴ ከቁም ሳጥኑ አናት አውርደው፣ አቧራውን በክንዳቸው ጠርገው የሰጡኝ ካሜራ ውስጥ ፊልም ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ነበረበት። ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ፣ ዳርና ዳሩ ጥርስ ጥርስ የሆነ ግራጫ ፊልም። ወዲያው መልሼ ጠረቀምኩት፤ ቢበዛ ሁለት ሰከንድ ነው የተከፈተው። ለፊልም ግን የሁለት ሰከንድ ፀሐይ ብዙ ነው። እናቶቻችን «ፎቶው ተቃጠለ» የሚሉት ይህንን ነው፤ እኔ እስከዚያች ቀን ቃሉን እንጂ ነገሩን አላውቀውም ነበር።

እኔ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሥራውን የጀመርኩት በዲጂታል ነው፤ ፊልም የሚባለውን የማውቀው ከቤታችን አልበም ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሙሽሪት ቤት የጠዋት ሜካፕ ጀምሬ፣ በመናፈሻው አድርጌ፣ አዳራሹ እስኪዘጋ 3,800 ፎቶ አንስቻለሁ። አልበም የገባው 60 ነው። የቀረውን ሙሽሮቹም አላዩት፣ እኔም ሁለተኛ አልከፈትኩት፤ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ተኝቷል።

ይህ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ያስመረረኝ «እስቲ አሳዪኝ» የምትለዋ ነገር ናት። አንዱን እንዳነሳሁት አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን ያያል። «ውይ፣ አገጬ!» ሁለተኛው ላይ አገጩን ያስተካክላል፤ ሦስተኛው ላይ ከንፈሩን፤ አምስተኛው ላይ ስንደርስ የማነሳው ፊት ሰው መስታወት ፊት ብቻውን ሲሆን የሚለማመደውን ዓይነት ነው። ቆንጆ ነው፣ ደንበኛውም ይወደዋል። መጀመሪያ እንዳነሳው የጋበዘኝ ሰው ግን የለም። አንድ ማታ ይህንኑ ሳማርር እናቴ «ለምን የአጎትሽን የሩሲያ ካሜራ አትሞክሪም? እሱ የሚያሳይበት የለውም» አለችኝ። ለቀልድ ነበር ያለችው።

ካሜራው ፌድ 5 ይባላል። አጎቴ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካርኮቭ፣ ዛሬ ካርኪቭ በምትባለው የዩክሬን ከተማ፣ ምህንድስና ሲማሩ የኪስ ገንዘባቸውን አጠራቅመው ነው የገዙት። ካሜራው ራሱ የካርኮቭ ልጅ ነው። ፌድ የተወለደው እዚያው፣ ወላጅ አልባ የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ ሙያ ያስተምር በነበረ ኮምዩን ውስጥ ነው። የኮምዩኑ ልጆችና አስተማሪዎቻቸው የጀርመኑን ላይካ 2 ፈታተው፣ አጥንተው፣ እ.ኤ.አ. በ1934 አስመስለው በብዛት ማምረት ጀመሩ። ስሙ የወጣው ግን በፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዠርዢንስኪ ነው፤ የሦስቱ ስም መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ ፌድ ይሆናሉ። ሰውዬው የሶቪየት ምስጢራዊ ፖሊስ መሥራች ናቸው። የጎዳና ልጆች ሠርተውት በደህንነት ሹም ስም የሚጠራ፣ ሲያነሳም ብዙ ድምፅ የማያሰማ ካሜራ! ባሰብኩት ቁጥር ያስቀኛል።

ፌድ ሬንጅፋይንደር ከሚባሉት ወገን ነው፤ በእኛ ቋንቋ ርቀት ፈላጊ ቢባል ያስኬዳል። የዘሩ አባት ኦስካር ባርናክ ናቸው፤ ጤናቸው ስለማይፈቅድላቸው ከባዱን የመስታወት ሳህን ካሜራ መሸከም ሰልችቷቸው፣ የሲኒማ ፊልም በጎኑ አጋድመው 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነ ምስል የሚያወጣ የኪስ ካሜራ ሠሩ። ላይካ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1925 ላይፕዚግ ላይ ለገበያ ቀረበ፤ በ1932 ርቀት ፈላጊው ከሌንሱ ጋር ተጣመረ። በ1935፣ የኢጣሊያ ወረራ ደጅ ላይ ሆኖ ሳለ፣ ፎቶ አንሺው አልፍሬድ አይዘንስታት እንዲህ ያለ ትንሽ ካሜራ ይዞ አገራችን መጣ። ከዚያ ጉዞው በጣም የሚታወቀው ፎቶ ፊት እንኳ የለበትም፤ በጭቃ የተለወሰ የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓይናችሁን ስታስጠጉ ከመካከል ትንሽ ለየት ያለች ቦታ ታያላችሁ፤ እዚያች ውስጥ ነገር ሁሉ መንታ ነው። ሰውዬው ሁለት አፍንጫ አለው። ሌንሱን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ መንታው እየተንሸራተተ መጥቶ ዋናው ላይ ይቀመጣል፤ ፎከስ ሆነ ማለት ነው። ዲጂታል ካሜራዬ የሰው ዓይን ፈልጎ በራሱ ያገኛል። እዚህ ሁለቱን አፍንጫ አንድ ማድረግ የእኔ ፋንታ ነው፤ ከአንድ ሜትር ከቀረብኩ ደግሞ አንድ አልሆን ይላል።

ዋናው ልዩነት ግን በሌንሱ ውስጥ አለማየታችን ነው። የምታዩት ጎን ባለች ሌላ መስኮት ነው። ሲጫኑት የሚነሳ የሚወድቅ መስታወት የለውም፤ ስለዚህ ፎቶው በተነሳበት ቅጽበት ዓይናችሁ ላይ አይጨልምም። ሰውዬው ሲስቅ ካነሳችሁት፣ ሲስቅ አይታችሁታል። ጉዱም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ሌንሱ በክዳን ተከድኖም ቢሆን በመስኮቷ በኩል ዓለም ብርሃን በብርሃን ነው። ከመጀመሪያዋ ጥቅሌ 11 ፎቶ ያነሳሁት ክዳኑን ሳላወልቅ ነበር። ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲገቡ። እልልታውን፣ ጥላውን፣ ጭፈራውን እንዳለ ለክዳኑ አሳየሁት።

አጎቴ ካሜራውን ሲሰጡኝ ያስጠነቀቁኝ ሁለት ነገር ነው። «ፀሐይ ፊት ለፊት አታስቀምጪው፤ መጋረጃው ጨርቅ ነው፣ ሌንሱ እንደ ማጉያ መነጽር ሆኖ ይበሳዋል። ፍጥነቱን ደግሞ ፊልሙን ሳትስቢ እንዳትነኪው፤ ይሰበራል።» ሦስተኛውን፣ ውስጡ ፊልም መኖሩን፣ ረስተውታል። በ1979 ዓ.ም. ተመርቀው ከተመለሱ በኋላ አዲስ ፊልምም አልገዙ፣ ያንንም አላወጡ።

የብርሃን መለኪያው በእድሜ ሞቷል። አያሳስብም። ጠራራ ፀሐይ ላይ በ400 ፊልም ቀዳዳውን 16፣ ፍጥነቱን 1/500 ማድረግ ነው፤ ጥላ ከሆነ 5.6፣ የሱቅ በር ውስጥ ከሆነ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ትንፋሽን መያዝ። በበጋ የአዲስ አበባ ሰማይ ብዙ አያሳስትም። የሚያስቸግረው ፊልሙን ማግኘቱ ነው። የእኔ የሚመጣው ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖር የአክስቴ ልጅ፣ በመጪ ሰው እጅ ነው፤ አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎች ፊልም ስለሚያበላሹ፣ መልእክተኛው አየር ማረፊያ ላይ በእጅ እንዲፈተሽለት መለመን አለበት። እንዲህ ደክሞ የመጣ ባለ 36 ጥቅል ላይ ጣት ዝም ብሎ አይጫንም።

ከዚያ ማጠብ አለ። በአማርኛ ዛሬም «ፎቶ አሳጠብኩ» እንላለን፤ ከስልክ በብሉቱዝ ልከን ከማሽን የሚወጣውን እንኳ። እኔ ግን በእውነት አጠብኩ፤ ያውም በቡና። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የኮዳክ ከተማ በሆነችው በሮቸስተር፣ የቴክኖሎጂ ተቋሙ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ሞክረው ያገኙት መላ ነው፤ ካፌኖል ይባላል። ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም የማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም ዱቄት ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም ቶሎ የሚሟሟ የቆርቆሮ ቡና፤ በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። የማጠቢያ ሶዳ ስላጣሁ ቤኪንግ ሶዳ ምጣድ ላይ አፍስሼ ደህና አድርጌ አመስኩት፤ ሲግል ጋዙን ለቅቆ ወደዚያው ይለወጣል።

እናቴ ምጣዷንም ቡናዋንም ወደ ራሷ አስጠጋች። «ቡና አገር ተወልደሽ፣ በቆርቆሮ ቡና!» የባሰውን አልነገርኳትም። ለዚህ ሥራ የሚሻለው ርካሹ ሮቡስታ ነው፤ ፊልሙን የሚያጠቁረው አሲድ እሱ ውስጥ ይበዛል። ሐረርና ይርጋጨፌ እዚህ ውድድር ላይ ከኋላ ናቸው። ሽታው ደግሞ የጠላ አተላ ውስጥ የተነከረ እርጥብ ካልሲ ነው። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውሃ ሙቀቱ አመቺ ነው፣ ሲኖር። ሳይኖር ጀሪካን አለ። ፊልሙን ወደ ማጠቢያው ገንዳ ማስገባት ድቅድቅ ጨለማ ስለሚፈልግ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ደስ አለኝ።

መጀመሪያ ያጠብኩት የአጎቴን ፊልም ነው። ተቃጥሏል፣ ግን ፊልም በጥቅልሉ ሲቃጠል ከላይ ያለው ለውስጠኛው ጋሻ ይሆናል። አብዛኛው ጥቁር ሆኖ መጣና ጫፉ አካባቢ አራት ምስል ተረፈ። የተማሪ አልጋ ላይ የተደረደረ የወንዶች ጫማ። በረዶ የሸፈነው ትራም። ብዥ ያለ እጅ። አራተኛው ላይ የጸጉር ባርኔጣ ያደረገች ልጅ፣ ካሜራውን ሳይሆን ካሜራውን የያዘውን እያየች ትስቃለች። አትሜ ወሰድኩላቸው። አጎቴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጥርተው፣ መልሰው አደረጉ። ሦስቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው አራተኛዋን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «ይቺን ለአክስትሽ ማሳየት አያስፈልግም» አሉኝ።

እናቴ ስለ ፒያሳ ፎቶ ቤቶች የነገረችኝ ትዝ ያለኝ ያን ቀን ነው። ከተማዋ ፎቶ መነሳትን ከአርመን ቤተሰቦች ተምራለች፤ ቦያጂያኖች ከምኒልክ ጀምረው እስከ ኃይለ ሥላሴ ለቤተ መንግሥት አንስተዋል። ተራው ሰው ደግሞ ጸጉሩን አበጥሮ ፎቶ ቤት ይሄዳል፣ ይነሳል፣ ካርኒ ይቆረጥለታል። «ከሦስት ቀን በኋላ ካርኒሽን ይዘሽ ነይ።» ሦስቱን ቀን ምን እንደሚመስል አያውቅም። አንሺው ባለ ዕዳ ነው፣ ተነሺው ባለ ቀጠሮ።

ይህ ዕዳ ምን እንደሆነ የገባኝ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ፣ አንድ ልብስ ሰፊ አዛውንት ያነሳሁ ጊዜ ነው። ሲንገራቸው ላይ አጎንብሰው ዚፕ ይቀይራሉ። ሦስት ፎቶ አነሳሁ። እጃቸውን ዘረጉ፤ «እስቲ አሳዪኝ።» «ፊልም ነው ጋሼ፣ አይታይም።» «እንዴ! አሁንም አለ?» ሳቁ። ከዚያ ማንም ደንበኛ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጠየቁኝ፤ «ታዲያ መቼ ታመጪልኛለሽ?» ሁለት ሳምንት አልኩ። የልብስ ጠመኔያቸውን አንስተው ማሽኑ ያለበት ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቀኑን ጻፉት።

ፊክሰር አለቀብኝ፤ እሱን ቡና አይተካውም። ሁለቱ ሳምንት ሰባት ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች እንደፈረሱ አንባቢ ያውቃል። ስመለስ ሱቁም፣ ግድግዳውም፣ በጠመኔ የተጻፈው ቀጠሮም አልነበረም፤ የቆርቆሮ አጥር ብቻ። ሁለት ቀን ፈለግኩ። በመጨረሻ እዚያው ጥግ ቡና ታፈላ የነበረች ሴት ስልካቸውን ሰጠችኝ፤ አያት አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት፣ ያንኑ ሲንገር ተክለው አገኘኋቸው። ኔጌቲቩን በዲጂታል ካሜራዬ ቀድቼ ፎቶ ቤት አሳጥቤው ነበር (እንደምታዩት ንጹሕ ባሕታዊ አይደለሁም)። ተቀበሉኝ። የራሳቸውን ፊት ዘለሉት። ጣታቸው ከኋላ ያለው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ «ይቺ ሬድዮ... ይቺ መቀስ ጠፍታለች... ይህ ካላንደር የጎረቤቴ ነው፣ በቀዳዳ ነበር የሚያቀብለኝ።» ሁለት ተጨማሪ አዘዙኝ፣ ለግድግዳ ተጋሪዎቻቸው። ሊከፍሉኝ ፈለጉ፤ እምቢ ስል ተቆጡ፤ ተቀበልኩ። በዲጂታል ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ስክሪኑን አይተው፣ ጥሩ ነው ብለው፣ ሁለታችንም ተለያይተን ቀርተን ነበር።

አሁንም ሰርግ በዲጂታል አነሳለሁ፤ የሙሽራ እናት ፊት ቆሞ «ክዳኑን ረስቼው ነበር» ማለት አይቻልም። ፊልም ከዲጂታል ይበልጣል የሚሉኝንም አላምናቸውም፤ ላይካ ኤም 6 እ.ኤ.አ. በ2022 እንደገና ሲወጣ ከገዙት ብዙዎቹ እንደ ሐብል አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ይመስለኛል። እኔ የወደድኩት ቀጠሮውን ነው። ዛሬ ከፎቶ ቦርሳዬ ጋር ትንሽ የካርኒ ጥራዝ እይዛለሁ፤ ሰው ባነሳሁ ቁጥር ቀን ጽፌ እቆርጥለታለሁ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙ ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ ከሩሲያ፣ ከቡልጋሪያ፣ ከጀርመን የመጣ ካሜራ ተቀምጧል። አንስታችሁ ጀርባውን ከመክፈታችሁ በፊት፣ ከላይ በግራ በኩል ያለችውን የፊልም መጠቅለያ ቀስ ብላችሁ ወደ ቀስቷ አቅጣጫ አዙሯት። ዝም ብላ ከዞረች ባዶ ነው፤ ክፈቱት። ከከበደቻችሁና ወደ ኋላ ከሳበቻችሁ ግን የሆነ ሰው ውስጥ አለ። አትክፈቱት።